በሬዎቹ ይሸጡ ወይስ ይቆዩ?

ጭንቅላቱን ለተጎዳ ሰው የተሃድሶ ሕክምና ሲታሰብ

በዚህ ሳምንት ገጹን በሙሉ ለአንድ ደብዳቤ ብቻ ሰጥተነዋል። ለምን እንደሆነ ደብዳቤውን ስታነቡት ይገባችኋል። የጸሐፊውን ስምና የቀበሌውን ስም አውጥተን፣ ርዝመቱንም ትንሽ ቀንሰን እነሆ ብለናል።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን ሥራዬ መምህርነት ነው። ቤተሰቦቼ ከደብረ ማርቆስ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ይኖራሉ። ችግሬ የታላቅ ወንድሜ ነገር ነው። አያ እያልኩ ያደግሁት፣ አባታችን ከሞተ በኋላ እያረሰ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዕድሜው 38 ሲሆን የ3 ልጆች አባት ነው። በሚያዝያ ወር ከገበያ ሲመለስ ከተጫነ አይሱዙ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ባሕር ዳር ወስደነው በኦፕራሲዮን ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰው ደም ወጣለት። ለ9 ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። በ24ኛው ቀን ክኒንና «ፊዚዮቴራፒ ይከታተል» የሚል ወረቀት ተሰጥቶን ወደ ቤት ተመለስን።

አሁን 2 ወር ሊሞላው ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል። የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው። ቀን ሲተኛ ይውላል፣ ሌሊት ይነቃል። ቁጣ የማያውቅ ሰው አሁን በትንሽ ነገር ይገነፍላል፤ ባለፈው ልጁ ላይ ጣሳ ወረወረ። ከሁሉም ግራ ያጋባን ግን «ውሃ ስጡኝ» ማለት ያቃተው ሰው «አባታችን ሆይ»ን ከእኛ ጋር አንድ ቃል ሳይስት መድገሙ ነው። «አውቆ ነው» የሚሉ ዘመዶች አሉ። ባለቤቱ ይህን ስትሰማ ታለቅሳለች።

ዘመድ ተሰብስቦ ሁለቱን በሬዎች ሸጠን አዲስ አበባ 3 ወር እናሳክመው ተብሏል። እናታችን ደግሞ ክኒኑን ትቶ ጸበል ይግባ ትላለች። የጤፍ እርሻ ደርሷል። በሬዎቹ ከተሸጡ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ካልተሸጡስ፣ ያስተማረኝን ወንድሜን ለበሬ ብዬ ልተወው? እባካችሁ መላ በሉኝ። ግራ የገባኝ ነኝ ከደብረ ማርቆስ።»

መልስ

ወንድማችን ሆይ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልህ። ጥያቄህን ሳናዞር እንመልስልህ፦ በሬዎቹን በዚህ ሳምንት አትሽጡ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲባል ሰምተህ የለ? ይህን የምንልህ ግን በሬ ከሰው ስለሚበልጥ አይደለም። ምክንያቱን ቀስ ብለን እንነግርሃለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። ራስ ምታቱ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው በተለየ ድንዝዝ ብሎ አልነቃ ካለ፣ የሚጥል በሽታ ከጣለው፣ ቁስሉ እርጥብ ካለ ወይም ትኩሳት ከያዘው ይህ የተሃድሶ ጉዳይ አይደለም። ደም እንደገና ተጠራቅሞ ወይም ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይዘኸው ሂድ። ለዚያ በሬ ቢሸጥ ማንም አይወቅስህም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። «ፊዚዮቴራፒ ይከታተል»! ሁለት ቃል ናት። የት? በሳምንት ስንት ቀን? ማን ይዞት ይመላለስ? ምን እስኪችል ድረስ? ወረቀቱ ዝም ይላል። ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በጥቁር አንበሳ ማሠልጠን የተጀመረው በፈረንጆች 2006 ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ነው። ቀደም ሲል ይሞት የነበረ ሰው ዛሬ ከባሕር ዳር ሳይወጣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ይድናል። ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ፣ ሕይወት የሚያተርፈው እጅ የረዘመውን ያህል ከዚያ በኋላ ሰውየውን ወደ ኑሮው የሚመልሰው እጅ ገና አለመርዘሙ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የተወውን ክፍት ቦታ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ለመሆኑ አዲስ አበባ 3 ወር ቢቀመጥ ምን ያገኛል? እስቲ አብረን እናስላው። ባለሙያ ቢያየው በቀን አንድ ሰዓት ነው፤ ያውም በየቀኑ ከሆነ። ቀሪውን 23 ሰዓት የሚያሳልፈው በተከራያችሁት ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ሳያይ ነው። የተጎዳ አንጎል የሚማረው በድግግሞሽ ነው። አንድን ነገር በየዕለቱ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በሚኖርበት ቦታ ደጋግሞ ሲሠራ ያልተጎዳው ክፍል የተጎዳውን ሥራ እየተረከበ ይሄዳል። አዲስ አበባ ባለ ንጣፍ ኮሪደር ላይ መራመድ የተማረ ሰው የእናንተን ግቢ ጭቃ ሲያይ እንደገና መጀመሩ አይቀርም። ገንዘቡ አልቆ ሲመለስ ደግሞ የሚጠብቀው በሬ የሌለበት ደጅ ነው። አራሽ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ያንን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለአንተ አንነግርህም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራህ ወረቀት መሰብሰብ ነው። መምህር ስለሆንክ ይህ አይከብድህም። ከሆስፒታሉ የወጣውን ሁሉ በአንድ ፖስታ አድርግ። የራስ ሲቲ ስካኑ ፊልም አለ? ጉዳቱ በስተግራ ነው ወይስ በሁለቱም በኩል? (ቀኝ እጅና እግር ከደከሙ፣ ንግግርም ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው ግራው ነው።) መጀመሪያ ሲገባ የንቃት መጠኑ ስንት ነበር? ሐኪሞች ይህን ከ3 እስከ 15 በሚደርስ ቁጥር ይጽፋሉ፤ 13 እና ከዚያ በላይ ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። የራስ ቅሉ አጥንት ተነስቶ ከሆነ ተመልሷል ወይስ ቦታው ክፍት ነው? ይቺን ጥያቄ እንዳትረሳት። ክፍት ከሆነ በዚያ በኩል መውደቅም ሆነ መመታት የለበትም፣ ሲነሳና ሲራመድ ሁልጊዜ ሰው ከጎኑ መኖር አለበት። ያለዚህ ወረቀት ማንም ባለሙያ ስለ ወንድምህ እርግጠኛ ዕቅድ ሊያወጣ አይችልም።

«አውቆ ነው» ለሚሉት ዘመዶች

ደብዳቤህን ስናነብ ከሁሉም በላይ ልባችንን የነካው የ«አባታችን ሆይ» ነገር ነው። ለዘመዶቻችሁ ይህን አንብብላቸው፦ ወንድምህ አያስመስልም! ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሺህ ጊዜ የደጋገመው ነገር፣ ማለትም ጸሎት፣ ሰላምታ፣ ከ1 እስከ 10 መቁጠር፣ ዘፈን፣ አንዳንዴም ስድብ፣ አንጎል ውስጥ የሚወጣበት መንገድ ሌላ ነው። «ውሃ ስጡኝ» ለማለት ግን ቃሉን ፈልጎ፣ አስተካክሎ፣ አዲስ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። የተጎዳው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው። ግራ አንጎላቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ በየአገሩ የሚታይ ነገር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943፣ ስሞሌንስክ አካባቢ ጭንቅላቱን በጥይት የተመታ ዛሴትስኪ የሚባል የሶቪየት ወታደር ነበር። ሉሪያ የተባለው እውቅ ሐኪም ታሪኩን መጽሐፍ አድርጎታል። ይህ ወታደር ማንበብ ጠፋበት፣ ፊደልም ጠፋበት። እያንዳንዱን ፊደል ለማስታወስ ሲታገል አንድ ቀን ሐኪም «ፊደሉን አታስብ፣ እጅህን ከወረቀቱ ሳታነሳ ቃሉን በአንድ ጊዜ ጻፈው» አለው። ጻፈው! እጁ የሚያውቀውን ጭንቅላቱ አያውቅም ነበር። የራሱን ጽሑፍ መልሶ ማንበብ በጣም እየቸገረው ወደ 25 ዓመት ገደማ ማስታወሻ ሲጽፍ ኖረ። እንግዲህ ጠቢብ አስታማሚ በሽተኛው ያጣውን ብቻ አይቆጥርም፤ ያልጠፋው የት እንዳለ ፈልጎ ከዚያ ይጀምራል።

ለወንድምህ ያልጠፋው ጸሎቱ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጀምሩ። ጠዋት አብራችሁ ጸልዩ። ከዚያ አብራችሁ ቁጠሩ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ «እንደምን አደርክ» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ወደሚፈልገው ነገር ተሻገሩ። ውሃውን በጣሳ፣ ወተቱን በኩባያ አድርጋችሁ ሁለቱን አሳዩትና «ውሃ? ወተት?» በሉት። በእጁ ቢጠቁም፣ ራሱን ቢነቀንቅ ንግግር ነው፤ ተቀበሉት። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያነጋግረው። ጠይቃችሁ ደግሞ ጠብቁ፤ በልብህ እስከ 10 ቁጠር። ብዙ ሰው ሁለት ሳይቆጥር በሽተኛውን ወክሎ ይመልሳል። እንደ ሕፃን አታናግሩት፣ ጮክ ብላችሁም አታናግሩት፤ ጆሮው አልተጎዳም።

መስማቱንና መረዳቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። እጅህን ሳታንቀሳቅስ፣ በዓይንህም ሳትጠቁም «ዓይንህን ጨፍን» በለው። ከጨፈነ «ግራ እጅህን አንሳና አፍንጫህን ንካ» በለው። አንዱን ችሎ ሁለቱን አንድ ላይ ካልቻለ፣ ከዚህ በኋላ ትእዛዝ ሁሉ አንድ አንድ ብቻ ይሁን።

ምን እንዲችል ነው የምትፈልጉት?

ተሃድሶ ሲታቀድ ትልቁ ጥያቄ ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ቤተሰብ አይጠይቀውም። «እንዲድን» ይላል። እንዲድን ማለት ምን ማለት ነው?

አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ወር በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ። የእሱ ጉዳት የአከርካሪ እንጂ የአንጎል አልነበረም፤ ነገሩ ግን ትምህርት አለው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል በሚባለው ሆስፒታል ያሉ ባለሙያዎች ሩጫን አልመለሱለትም፤ አይቻልምም ነበር። እነሱ የጠየቁት «ይህ ሰው ምንድን ነው?» ብለው ነው። ተወዳዳሪ ነው! ስለዚህ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። በፈረንጆች 1971 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ።

ወንድምህስ ምንድን ነው? ገበሬ ነው። ባልና አባት ነው። በዚያ ላይ ጸሎት አዋቂ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከኑሮው ይነሳ። እርሻ አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ቢበተን አሥር ነው፦ ከመደብ መነሳት፣ መቆም፣ ደጃፉን መሻገር፣ ወጣ ገባ ላይ መራመድ፣ በሬ መጥራት፣ መጥመድ፣ በአንድ እጅ እርፍ ይዞ በሌላው ጅራፍ ማንሳት። ወንድምህ አሁን የመጀመሪያው ላይ ነው። የዛሬ ስድስት ሳምንት ግቡ «ማረስ» ቢባል ዘበት ነው። «ያለ ሰው ድጋፍ መደቡ ጫፍ ላይ 15 ደቂቃ ተቀምጦ ፊቱን ይታጠብ» ቢባል ግን ሊደረስበት የሚችል ነገር ነው። ቀጥሎ «አንድ ሰው ይዞት እስከ በረቱ ይሂድና በሬዎቹን ይይ» ይሁን። አየህ፣ በሬዎቹ የሕክምናው አካል ናቸው! ለበሬው ድርቆሽ ለመስጠት የሚዘረጋ እጅ፣ ኳስ ጭመቅ ከተባለ እጅ ይልቅ ምክንያት አለው።

ስለ ማረሱ እውነቱን እንንገርህ። እርፍ ይዞ መዋሉ ላይመለስ ይችላል፤ ሊመለስም ይችላል፤ ዛሬ ማንም ማወቅ አይችልም። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ስጋት የለም እስኪል ድረስ ግን መጥረቢያ፣ ዛፍ መውጣት፣ ብቻውን ወንዝ መሻገርና እሳት ዳር ብቻውን መቀመጥ የተከለከሉ ናቸው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ስለ ማዕድ። በእኛ አገር በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፤ ቀኙ የማይሠራን ሰው ግን ሌላ ሰው እያጎረሰው ዓመት ይክረም ማለት ክብሩን መንሳት ነው። ግራ እጁን ታጥቦ በራሱ ይጉረስ። ቀኝ እጁ ግን ሥራ አይፍታ፤ ገበታው ላይ ተዘርግቶ እንጀራውን ደግፎ ይያዝ። የማይሠራ እጅ እየተረሳ ይሄዳል፣ ቆይቶም ይጨበጥና አልዘረጋ ይላል። እናታችሁ ደስ ባይላቸው «ሕክምና ነው እማዬ» በላቸው።

ቤቱን እዩት

ባለሙያ እናንተ ቤት መጥቶ ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መደቡ ነው። በጣም ዝቅ ያለ መደብ ላይ የተኛ ሰው ለመነሳት ሁለት እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ከፍ ያለ አልጋ አብጁለት፣ ቁመቱ ሲቀመጥ እግሩ መሬት የሚረግጥበት ልክ ይሁን። አልጋው ከምድጃው ይራቅ። ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ አንሱት። መጸዳጃው ሩቅና ጭቃ ከሆነ፣ መሐሉ የተቀደደ ወንበርና ከሥሩ ባልዲ ይበቃል፤ አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። በክረምት የደብረ ማርቆስ አካባቢ ብርድ ቀልድ አይደለም፤ የበረደው ጡንቻ ይበልጥ ይወጠራል፣ ስለዚህ እንቅስቃሴውን ፀሐይ ስትወጣ ወይም ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ አድርጉት።

ስታነሱት ቀኝ ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ! ይህን በጣም አደራ እንልሃለን። የደከመ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሕመም እንቅስቃሴውን ሁሉ ያስጠላዋል። በብብቱ ሳይሆን በጀርባውና በወገቡ ደግፉት። ሲቀመጥ ክንዱ እንዳይንጠለጠል ትራስ ላይ ይረፍ። ተኝቶ የሚውል ከሆነ ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት፤ ዳሌውንና ተረከዙን በየቀኑ እዩ።

ሲበላና ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው ጠጣሩ ምግብ ያንቀዋል ብሎ ይፈራል እንጂ አስቸጋሪው ቀጭኑ ውሃ ነው፤ ወደ ሳንባ ይሾልካል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻለዋል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኛ። ሳሉ ካልቆመ ግን ለሐኪም ይነገር። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቱን አነጋግሩ፤ የታመመ ሰው በጾም እንደማይገደድ እነሱም ያውቃሉ። ሰውነቱ እንዲጠገን እንቁላልና ወተት ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ የማትወደውን ነገር እንንገርህ፦ ጠያቂ ቀንሱ። ጎጃም ውስጥ የታመመ ሰው ቤት ባዶ አይውልም፤ ደግ ባህል ነው። ግን አሥር ሰው ክብ ሠርቶ ሁሉም በየፊናው ሲያወራ፣ ቡና ሲወቀጥ፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ የተጎዳ አንጎል ያን ሁሉ ድምፅ መለየት ስለማይችል ይዝላል። ጣሳው የተወረወረውም እንዲህ ባለ ሰዓት እንዳይሆን! ከቁጣው በፊት ምን እንደነበር ለአንድ ሳምንት መዝግብ። ራበው? ደከመው? ሰው በዝቶ ነበር? የሚፈልገውን መናገር አቅቶት ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጠያቂ በአንድ ጊዜ ሁለት፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይሁን። ሲቆጣ አትከራከሩት፤ ልጆቹን አውጡ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ ቆይታችሁ ተመለሱ። ልጆቹም «አባዬ ጠልቶን ሳይሆን ጭንቅላቱ ስለተጎዳ ነው» ተብሎ በግልጽ ይነገራቸው። ጠላና አረቄ ግን፣ «ለደሙ» ተብሎም ቢሆን፣ ደጁን አይርገጥ። የሚጥል በሽታን ይጠራል፣ ይጥለዋልም።

የቀንና የሌሊቱን መገልበጥ ለማስተካከል ጠዋት በአንድ ሰዓት ቀስቅሳችሁ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ቀን አንድ ጊዜ አጭር እንቅልፍ ይፈቀድለት። እንቅስቃሴው በ10 እና በ15 ደቂቃ ተከፋፍሎ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይሁን፤ ሲደክመው ማቆም ስንፍና አይደለም።

ስለ ባለቤቱ

ደብዳቤህ ውስጥ ስለ እሷ የጻፍከው «ታለቅሳለች» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነው። እንግዲህ ጠይቀን እንመልስ፦ የምታነሳው ማን ነው? የምታጥበው? ሌሊት ሲነቃ አብራ የምትነቃው? እሷው ናት አይደል? ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ወፍጮውን ጨምረህ አስላው። ዕቅዳችሁ በሙሉ በአንዲት ሴት ወገብ ላይ ከቆመ፣ ያ ወገብ የተሰበረ ቀን ዕቅዱም ያበቃል። ዘመድ የተሰበሰበው በሬ ለመሸጥ ከሆነ፣ እንደገና ሰብስባቸውና ገንዘባቸውን ሳይሆን ቀናቸውን ጠይቃቸው። «አውቆ ነው» ያለው ዘመድ ማክሰኞንና ሐሙስን ይውሰድ! ሌላው ሌሊት ይደር። እሷም በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ትሂድ።

ጸበሉና ክኒኑ

እናታችሁን አትጣሉ። ጸበሉም ይቅር አንልም። ክኒኑ ግን አይቋረጥ! ምናልባት የተሰጠው የሚጥል በሽታን የሚከላከል መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ በድንገት ሲቆም ያላሰቡትን መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ መምከራቸውን ለእናታችሁ ንገራቸው። ሲሄድ ሰው ይዞት ይሂድ፣ በርትቶ የሚወርድ ውሃ ጭንቅላቱን አይምታው፣ ሲጠጣም ከላይ እንዳልነው ቀና ብሎ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ከተጠመቀ በኋላ ቶሎ ደርቆ ይልበስ።

እንግዲህ የበሬዎቹ ነገር

ሐኪሞች እንደሚሉት ከጉዳቱ በኋላ ለውጥ በፍጥነት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 እና 6 ወራት ነው። ከዚያ በኋላም ዓመትና ሁለት ዓመት እየቀሰሰ ይቀጥላል እንጂ አይቆምም። ሁለቱ ወር አልፏል፤ ስለዚህ «መስቀል ይለፍና» አትበሉ። በዚህ ሳምንት የጤና መድኅን ደብተሩን ያዝና ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፍ፤ ያለ ሪፈር ከሄድክ ወጪው ከኪስህ ሊሆን ይችላል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄደህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገኝ ጠይቅ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዲግሪ ሲያሠለጥን የቆየ ስለሆነ በክልሉ ሆስፒታሎች ያሉት ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። ክራንች፣ የእግር ድጋፍ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ካስፈለገ ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። (ከአይሱዙ ላይ የወደቀ ሰው የመድን ካሳ ያገኛል ወይ የሚለውን ለሕግ ዓምዳችን ጻፍላቸው፤ የፖሊስ ማስረጃውን ግን ከአሁኑ አውጣ።)

ወደ ባለሙያው ስትሄድ ባለቤቱን ይዘህ ሂድ። በሽተኛውን ብቻ እንዲያሽልህ አትጠይቅ፤ «ለስድስት ሳምንት ቤት የምንሠራውን ለእኛ አሳየን፣ በእጃችን እናድርገውና እየን» በለው። ከፈቀደልህ በሞባይልህ ቅረጸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ግጭት ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮው ያለፈበት ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮ ቢስተጓጎል በምን ስልክ እንደምታገኘው፣ መንገድ ቢዘጋ የትኛውን እንቅስቃሴ እንደምትቀጥሉ፣ የትኛውን እንደምታቆሙ አስቀድመህ ጠይቅ።

ደብተር ግዛ። በየቀኑ ጻፍ፦ ስንት ደቂቃ ተቀመጠ፣ ስንት እርምጃ ሄደ፣ ምን አዲስ ቃል አለ፣ ስንቴ ተቆጣ። በስድስተኛው ሳምንት ደብተሩን ይዘህ ተመለስ። እየተሻለው ከሆነ ሌላ ስድስት ሳምንት ትቀጥላላችሁ። ምንም ለውጥ ከሌለ ወይም ባለሙያው «ከእኔ አቅም በላይ ነው» ካለ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ይሂድ፤ ግን ለ3 ወር ሳይሆን ለሁለት ሳምንት፣ ተመርምሮ፣ አስታማሚው ሠልጥኖ ለመመለስ። ለዚያ አንድ በሬ ቢሸጥ እንኳ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ማረስ ይቻላል። ሁለቱም ከሄዱ ግን የሚቀናጅ የለም። የዘንድሮውን የጤፍ ማሳ በሬዎቹ ደጁ ላይ እያሉ በወንፈል አሳርሱለት፤ ጠምደው ሲወጡ ወንድምህ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይይ። የትኛው በሬ በየትኛው ጎን እንደሚጠመድ ጠይቁት፤ በእጁ ይጠቁማል።

አንድ ነገር ሳትነግረን ቀረህ፦ ክኒኑ ለስንት ቀን ይበቃል? ዛሬውኑ ቁጠረው። ከ10 ቀን በታች ከሆነ ከሁሉም ነገር በፊት እሱን ግዛ።